ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱበት

ካዛንቺስ የሚሠሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «እ.ኤ.አ. የ2005 ምርት የሆነ መርሴዲስ ኢ 220 ሲዲአይ ልገዛ ነው። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሞተሩ ወዲያው ይነሣል፣ ድምፁም ጸጥ ያለ ነው። ውስጡ ግን ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ደላላው የናፍጣ መኪና ጠባዩ ነው ይለኛል። ልግዛው?»

ጠባዩ አይደለም! የሽታው ምንጭ ሳይታወቅ ቀብድ አይክፈሉ። የሞቀ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል፤ ስለዚህ ለሻጩ ማታ ደውለው «ጠዋት አንድ ሰዓት እመጣለሁ፣ እስክደርስ አያስነሡት» ይበሉ። እንደ ደረሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ቀጥሎ የሞተሩ የፕላስቲክ ክዳን ይነሣ። ከሥሩ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩ አራት ኢንጀክተሮች ተደርድረዋል። በአንዱ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የደረቀ ቅርፊት ካዩ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው፤ ከኢንጀክተሩ ግርጌ ያለችው የመዳብ ቀለበት ማሸጓን ትታ የሲሊንደሩ ጋዝ እያመለጠ ነው። ሞተሩ ሲነሣ «ጭፍ፣ ጭፍ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ቀለበቷ ርካሽ ናት። የሚያስመርረው ቆይቶ የተደረሰበት ነው፤ ጥቀርሻው ኢንጀክተሩን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር ያጣብቀዋል። አንዱን ብቻ ለማውጣት ሙሉ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ክዳኑ ሥር ሁሉም ነገር ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደ ታጠበ ይጠይቁ።

ከዚያ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ይንዱት። የከተማችን አየር ስስ ነው፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ወይም የአየር ቱቦዎቹ ካፈሰሱ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጣል፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ይለቃል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ግን ለፍሬኑ ነው። የዚህ ሞዴል መኪኖች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ፍሬን ነበራቸው። በሩ ሲከፈት ፓምፑ «ዝዝዝ» ይላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ፓምፑ ግን የሥራ ዘመኑ የተቆጠረ ነው፤ ሲያበቃ ክሩስኮቱ ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ስለዚህ በኮምፒውተር ይመርመርልዎ። የፍሬን ሸራ የሚቀይር ሰውም መጀመሪያ የፍሬኑን ሲስተም ማጥፋት አለበት፤ ፓምፑ በድንገት ሲነሣ ጣት ይጨፈልቃል።

ችግሩ ቀለበቷ ብቻ ከሆነ ዋጋ አስቀንሰው ይግዙት። የፍሬን ማስጠንቀቂያ ከወጣ ግን የፓምፑን ዋጋ ሶማሌ ተራ ሳይጠይቁ በመኪናው ዋጋ አይስማሙ።