ኡሲክን ማን ይጥለዋል?

ከሐዋሳ የሚደርሱን ጥያቄዎች ድሮ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ላይ ነበር የሚያጠነጥኑት። አሁን ነገሩ ወደ ቡጢ ዞሯል። ዩክሬናዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ጁላይ 19 ቀን 2025 ለንደን ዌምብሌይ ላይ እንግሊዛዊውን ዳንኤል ዱቦይስን በ5ኛው ዙር ከዘረረ ወዲህ ደብዳቤው አልቆመም። የሚያወድሰው አለ፣ የሚያጣጥለው አለ፣ ከጓደኛው ጋር ምሳ ተወራርዶ ፍርድ ስጡን የሚለንም አለ። ምሳውን ማን እንደሚከፍል እኛ አንወስንም። የቀረውን እንሞክር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልን አናደክማችሁም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት በኡሲክ ምክንያት የማልጨቃጨቅበት ቀን የለም። እኔ ነጥብ ለቃሚ ነው ባይ ነኝ። እስከ ዌምብሌይ ድረስ 24 ጊዜ ተጋጥሞ 15 ብቻ ነው በዝረራ ያሸነፈው። ማይክ ታይሰንን ያየ ሰው ይሄን አስፈሪ ሻምፒዮን ይለዋል? በእናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ። (ከአቶቴ)

መልስ፦ አስፈሪ የምትለዋን ቃል አንተው ነህ ያመጣሃት። ኡሲክ አያስፈራም። ችግሩ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በነጥብ ያሸነፋቸው 9 ፍልሚያዎች ናቸው። ከማን ጋር? ሁለቱ ከአንቶኒ ጆሹዋ፣ ሁለቱ ከታይሰን ፉሪ፤ ሁለቱም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበሩ እንግሊዛውያን ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ሙራት ጋሲየቭ፣ ማይሪስ ብሪዲስና ዴሬክ ቺሶራ አሉ። ዝረራ መቁጠር ጥሩ ነው፣ ግን ማን እንደተዘረረም መጠየቅ ደግ ነው። የትም አገር ሰው እየተፈለገለት 20 ሰው የዘረረ ቦክሰኛ ሞልቷል።

አንድ ነገር እንለምንህ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታይ ጓንቱን ተወውና እግሩን ተመልከት። ኡሲክ ግራኝ ነው፤ ከፊት የሚያስቀድመው ቀኝ እግሩን ነው። ተጋጣሚው በቀኙ የሚማታ ከሆነ ደግሞ ከፊት ያለው ግራ እግሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የፊት እግሮች ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፣ ጨዋታው ያለው እዚያች ጋ ነው። ኡሲክ ቀኝ እግሩን ከሰውዬው ግራ እግር በውጭ በኩል ያሳርፋል። ከውጭ ከሆነ የራሱ ግራ ቡጢ ቀጥ ብሎ ፊት ያገኛል፣ የሰውዬው ቀኝ ግን ዞሮ መምጣት አለበት። ሰውዬው አቋሙን ሊያስተካክል ሲል ጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ የሚላክ ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ ይላክበታል። ጃቡ አንዴ ደረት ላይ፣ አንዴ ጓንት ላይ፣ አንዴም አየር ላይ ነው የሚያርፈው። ለማሳመም አይደለም፣ እፎይ እንዳይል ነው። እንዲህ እየተባለ 8ኛው ዙር ሲደርስ እግሩም አይታዘዝ፣ እጁም ይወርዳል።

ሜይ 2024 ሪያድ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፉሪ በመሀል ዙሮች በአፐርካት (ከታች ወደ ላይ በሚላክ ቡጢ) እና በሆድ ቡጢ ሲጫወትበት ነበር፣ እስከማሾፍም ደርሷል። 9ኛው ዙር ላይ የኡሲክ ግራ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ያ ግዙፍ ሰው ከገመድ ገመድ ሲላጋ አየን። ዳኛው ገመዱ ባይዘው ይወድቅ ነበር ብሎ ቆጠረበት፣ ደወሉ ደርሶ አዳነው። ከሪንጉ ውጭ ተቀምጠው ነጥብ ከሚሰጡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ 115 ለ112 እና 114 ለ113 ለኡሲክ ሰጡ፣ ሦስተኛው 114 ለ113 ለፉሪ። አሁን አንተው ሒሳቡን ሥራው፦ በዚያች ቆጠራ ከፉሪ የተቀነሰችውን አንድ ነጥብ መልስለትና ውጤቱ አቻ ነው የሚወጣው። በዲሴምበሩ የመልስ ግጥሚያ ደግሞ ፉሪ 127 ኪሎ ከምናምን ሆኖ መጣ፣ ኡሲክ 102 ከምናምን። ልዩነቱ ሩብ ኩንታል ጤፍ ነው! ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለቀላሉ ሰውዬ ሰጡ።

ዝረራ ካማረህ ደግሞ ዌምብሌይ አለልህ። ዱቦይስ አንዴ ወድቆ ተነሳ። ኡሲክ ራሱ ኢቫን ብሎ ስም ያወጣላት ግራ ቡጢ ስትደርስ ግን አልተነሳም።

ጥያቄ፦ እኔ ቦክስ መከታተል የጀመርኩት መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ሲጋጠሙ ነው። አሁን ልጆቹ ኡሲክን ከአሊ ጎን ሲያስቀምጡት አንጀቴ ያርራል። ደግሞስ ፖላንድ ላይ ዱቦይስ ጥሎት ዳኛው አይደል እንዴ ያዳነው? እናንተ ይሄን ለምን ታልፉታላችሁ? (ከኮርያ ሰፈር)

መልስ፦ ጋሼ፣ ከፖላንዱ እንጀምር፣ አናልፈውም። ኦገስት 26 ቀን 2023፣ ቭሮትስዋፍ ከተማ። በ5ኛው ዙር የዱቦይስ ቀኝ ቡጢ ኡሲክን ቁምጣው መታጠቂያ ላይ አገኘው፣ ኡሲክም ወደቀ። ዳኛው ሉዊስ ፓቦን ከመስመር በታች ነው ብሎ ማገገሚያ ጊዜ ሰጠ። እስከ 5 ደቂቃ ይፈቀዳል፣ ኡሲክ ወደ 4 ደቂቃ ተጠቀመ። እኛ ምስሉን እያቆምን አይተነዋል። ቡጢው መስመሩ ላይ ነው ያረፈው፣ ኡሲክም ቁምጣውን ከፍ አድርጎ ነበር የታጠቀው። ሌላ ዳኛ ቢሆን ይቆጥር ነበር ቢሉን አንሟገትዎትም። ግን ዱቦይስ ከዚያ በኋላም ጊዜ ነበረው። የተመታ፣ ያመመው ሰው ፊቱ ቆሞለት ነበር። አልጨረሰውም። ይልቅ ራሱ በ8ኛው ወደቀ፣ በ9ኛው አለቀለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት፣ ማንም ዳኛ ላይ ጣት በማይቀስርበት ሁኔታ ተዘረረ። ስለዚህ ቂሙ ለመጀመሪያው ይያዝ፣ ሁለተኛው ግን የለበትም።

ወደ አሊ ስንመጣ ከእርስዎ ጋር ነን። የድሮው አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን 25 ጊዜ ነው ያስጠበቀው። አሊ ሦስት ጊዜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። ኡሲክ ከነሱ ጋር ለመሰለፍ ፍልሚያው አነሰ፣ ከባድ ሚዛን የገባውም በ32 ዓመቱ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያዙለት። ከከባድ ሚዛን ዝቅ በሚለው በክሩዘር ሚዛንም በከባድ ሚዛንም ቀበቶዎቹን በሙሉ የሰበሰበ፣ ከሱ በፊት ኢቫንደር ሆሊፊልድ ብቻ ነው። ደግሞ የት የት ሄዶ እንደሰበሰበ ይዩልኝ። ግሎቫትስኪን በ2016 ፖላንድ ግዳንስክ ድረስ ሄዶ፣ ማርኮ ሁክን በርሊን፣ ብሪዲስን በአገሩ ሪጋ፣ ጋሲየቭን በ2018 ሞስኮ፣ ቤሊውን ማንቸስተር፣ ጆሹዋን በ2021 ለንደን። ሞስኮን ለብቻ ያስቡት፦ ሰውዬው የተወለደው ክሪሚያ፣ ሲምፈሮፖል ነው። ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች በ4ኛው ዓመት ሞስኮ ገብቶ የሩሲያውን ሻምፒዮን በነጥብ አሸንፎ አራት ቀበቶ ይዞ ወጣ። የዛሬ ሻምፒዮን ተብዬዎች ግማሾቹ ከሰፈራቸው አዳራሽ አይወጡም። እኛን ከ24ቱ ፍልሚያዎች አንዱን ምረጡ ብትሉን ፉሪን ትተን የሞስኮውን ነው የምናነሳው።

ጥያቄ፦ ኡሲክ ከወጣቱ ማይክ ታይሰን ጋር ቢጋጠም? ባጭሩ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ 4 ዙር ካለፈ ኡሲክ። የሚያልፍ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ዶርም ውስጥ አራት ቦታ ተከፍለናል። አንዱ ፉሪ ሦስተኛ ዕድል ይገባዋል ይላል፣ አንዱ ፋቢዮ ዋርድሊ፣ አንዱ ሞዘስ ኢታውማ፣ አንዱ አጊት ካባዬል። ኡሲክን ማን ይጥለዋል? ደረጃ አውጡልን። (ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ ፉሪን የመረጠው ልጅ ይቅርታ ያድርግልንና እሱን ቶሎ እናሰናብተው። 24 ዙር ተጋጥመዋል፣ መልሱ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል። ጃንዋሪ 2025 ላይ ቦክስ አቆምኩ ብሏል፣ እሱ ስንቴ እንዳቆመ ግን የሚቆጥርለት ሰው ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ግጥሚያ ቢመጣ ብር ያመጣል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

ዋርድሊ ደስ የሚል ታሪክ አለው። በአማተር ቦክስ ያላደገ፣ ቢሮ ሠራተኛ የነበረ ልጅ ነው። ኦክቶበር 2025 ለንደን ላይ ጆሴፍ ፓርከርን በ11ኛው ዙር አስቆመው። ኡሲክ በኖቬምበር ደብሊውቢኦ የተባለውን የቦክስ ድርጅት ቀበቶ ሲለቅ ቀበቶው ለሱ ተሰጠው። ቀኙ አንድ ጊዜ ከያዘች ትጥላለች፣ እሱን አንክድም። ግን እሱ እስኪመታ ብዙ የሚመታ ልጅ ነው። ጀስቲስ ሁኒ ጋር ሲጋጠም በነጥብ ተበልጦ ተበልጦ በ10ኛው ዙር ነው በአንድ ቡጢ የተረፈው። ኡሲክ ላይ ያቺን አንዷን ቡጢ 12 ዙር ሙሉ መጠበቅ ያዋጣል? አይመስለንም።

ኢታውማ ሌላ ነገር ነው። ዲሴምበር 2004 የተወለደ፣ በአባቱ ናይጄሪያዊ፣ በእናቱ ስሎቫክ የሆነ የእንግሊዝ ቦክሰኛ። ኡሲክ ጃንዋሪ 1987 ነው የተወለደው፣ ልዩነታቸው 18 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ኦገስት 2025 ሪያድ ላይ ዲሊያን ዋይትን በ1ኛው ዙር ጨረሰው፣ ሻይ የቀዳ ሰው ስኳሩን ሳያማስል። እኛን ግን ከፍጥነቱ በላይ የገረመን አቋሙ ነው፦ እሱም ግራኝ ነው። ለአቶቴው ወንድማችን የነገርነውን የእግር ነገር አስታውሱ። ግራኝ ከግራኝ ሲገጥም የፊት እግሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ያ በውጭ በኩል መግባት የሚባለው ጥቅም ይጠፋል። ኡሲክ ከባድ ሚዛን ከገባ ወዲህ የገጠማቸው ትልልቆቹ በአብዛኛው በቀኛቸው የሚማቱ ነበሩ። ልጁ ግን እስከ ዋይት ድረስ 12 ዙር ሄዶ አያውቅም። 7ኛው ዙር ላይ ሲተነፍስ ምን እንደሚመስል ያላየነውን ልጅ፣ ሰው በ7ኛው ዙር ማጥመድ ከለመደ ሰው ጋር አስገብቶ አሸናፊ ነው ማለት ድፍረት ነው። ሁለት ዓመት ስጡት።

እኛ ዛሬ አንድ ስም ጥሩ ካላችሁን ካባዬል ነው። ሳቃችሁ ከዚህ ይሰማናል። ኩርድ ተወላጅ ጀርመናዊው ካባዬል ዝና የለውም፣ አፍ የለውም፣ ጡንቻውም ለፎቶ የሚሆን አይደለም። ግን ሆድ ይመታል። ዲሴምበር 2023 ማክሙዶቭን በ4ኛው ዙር፣ ሜይ 2024 ፍራንክ ሳንቼዝን በ7ኛው፣ ፌብሩዋሪ 2025 ዣንግ ዢሌይን በ6ኛው አስቆመ። ሦስቱንም ከደረት በታች በመምታት ነው የጨረሳቸው። ዣንግ በ5ኛው ዙር ጥሎት ነበር፣ ተነስቶ መልሶ ሆዱን ነው የሄደበት።

ኡሲክን ያስቸገሩትን ደርድሯቸው። ቺሶራ በ2020 እየገፋ እየተጠጋ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አጨናንቆታል። ፉሪ በሆድ ቡጢ አስቸግሮታል። ዱቦይስ ሆዱን ሲያነጣጥር ነው ያ ሁሉ ክርክር የመጣው። ሁሉም ጀመሩት፣ አንዳቸውም እስከ መጨረሻው አልገፉበትም፤ ቺሶራ ትንፋሽ አጠረው፣ ፉሪ ወደ ማሾፍ ሄደ። ካባዬል ሌላ ዕቅድ የለውም፣ ጥንካሬውም እሱ ነው። ኡሲክ ደግሞ በ40 ደጃፍ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚከዳው እግር ነው፣ የኡሲክ ሀብት ደግሞ እግሩ ነው። ያሸንፈዋል አላልንም። ውርርድ ካላችሁ አሁንም ኡሲክን በነጥብ ያዙ። ግን ከአራቱ በጣም የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ከዚያ ኢታውማ፣ ከዚያ ዋርድሊ፣ መጨረሻ ፉሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ከእኔ አልፏል። ኳስ ይጫወት ነበር። የዌምብሌዩን ፍልሚያ ካየ በኋላ ቦክስ ካላስገባሽኝ እያለ ያሰቃየኛል። አልመሸበትም? ጭንቅላቱንስ ቢጎዳው? (ከታቦር)

መልስ፦ አልመሸበትም። ኡሲክ ራሱ ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ወደ ቦክስ የዞረው በ15 ዓመቱ ነው። በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ልጅዎ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው። የኳሱም እግር አይጎዳውም።

የጭንቅላቱ ስጋት ግን ትክክል ነው፣ ማንም አያቃልልብዎ። ከመክፈልዎ በፊት ልምምዱን ቁጭ ብለው ይዩ። አሰልጣኙ ጀማሪዎቹን ገመድ ሲያዘልል፣ እግር ሲያስተካክል፣ ከረጢት ሲያስመታ ካዩ ጥሩ ነው። እጁ በደንብ ይጠቅለል፣ የጥርስ መከላከያ የራሱ ይሁን፣ ከሌላ ልጅ ጋር አይዋዋስ። ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ካለው የዚያን ቀን ይቁም፣ ሐኪም ሳያየው አይመለስ። ክብደት ቀንስ ብለው ምግብና ውሃ ከከለከሉትም አይስማሙ፣ ገና የሚያድግ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ወር ጓንት አጥልቆ ከትልልቆቹ ጋር ግባ የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመዎት ደግሞ የልጁን እጅ ይዘው ይውጡ፣ ሌላ ይፈልጉ።