መልስ፦ እህትሽን በምን ታግዣት?

«እህቴ በ30 ሳምንቷ ወለደች፣ ልጁ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ገብቷል፣ ምን ላግዛት?» ላልሽው።

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ በያት። ብዙ ሰው ፈርቶ ይተወዋል፣ እሷ ግን ወልዳለች። «ዋናው ጤና ነው» የሚለውን ተይው፤ ጤናው ነዋ ያስጨነቃት!

ከዚያ ካንጋሮ ስለሚሉት የገላ ለገላ እንክብካቤ ነርሶቹን ትጠይቅ። ሕፃኑ ዳይፐር ብቻ አድርጎ እናቱ ደረት ላይ ይታቀፋል፤ ሙቀቱ ይጠበቃል፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይረጋጋል፣ ለእሷም ወተቷን ያመጣላታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይላል፣ በማሽን ለሚተነፍስ ወይም በጠና ለታመመ ሕፃን ግን ሐኪሙ ነው የሚወስነው። አባትም ማቀፍ ይችላል። እባካችሁ በር ላይ አታቁሙት።

ማቀፍ ካልተቻለ፣ እጇን ታጥባ አንዱን ራሱ ላይ አንዱን እግሩ ላይ ረጋ አድርጋ ታሳርፍ። መደባበስ እነዚህን ትንንሾች ያስጨንቃቸዋል።

ወተቷን ደግሞ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ማለብ አለባት። አንቺ የምትገቢው እዚህ ጋ ነው፤ ምግቡን፣ ልብሱን፣ የዘመዱን ስልክ ሁሉ ተቀበያት። «የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» አትበያት፣ ዝም ብለሽ አድርጊው። ጉንፋን ከያዘሽ ግን ድርሽ አትበይ።

ለቅሶውና ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባት ለራሷም ሐኪም ታናግር፣ አብረሻት ሂጂ።