ለብቻችሁ ስትከርሙ፦ ጸሎትና ጤና ለባሕር ማዶው የጎጃም ልጅ

ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ፣ በረጅሙ ብርድ ወይም በሌሊት ሥራ ምክንያት ከሰው ተለይታችሁ ለምትከርሙ ወገኖቼ። ብቸኝነት መጀመሪያ የሚያፈርሰው የቀኑን ሥርዓት ነው። አገር ቤት ደወሉ ይቀሰቅሳችሁ ነበር፤ ጎረቤት «ዛሬ ሚካኤል አይደል?» ይላችሁ ነበር፤ የማኅበሩ ሙሴም (ሰብሳቢው) ተራችሁን ያስታውሳችሁ ነበር። ውጭ አገር ይህን የሚያደርግላችሁ ስለሌለ የጠዋቱ ጸሎት ለማታ፣ የማታው ለነገ ይተላለፋል። ምግቡና እንቅልፉም ተከትለውት ይዛባሉ።

ለዚህ ከዋሸራና ከጎንጅ ቅኔ ቤቶች የምንማረው አለ። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር (አስቦ ሲያዘጋጅ) ከሰው ርቆ ከዛፍ ሥር ይውላል፤ ኋላ ግን የቆጠረውን ይዞ ለነገራ፣ ማለትም ቅኔውን ለማሰማት፣ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ለብቻው መዋሉን የሚያስችለው የሚሰማው ሰው መኖሩ ነው። እናንተም አንድ ሰሚ ያዙ፦ ወንድም፣ እኅት፣ ክርስትና አባት፣ ወይም እንደናንተው ብቻውን ያለ ጓደኛ። በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ጸለይክ ወይ? ምን በላህ? እንቅልፍስ? «ደኅና ነኝ» ብሎ መዝጋት አይቆጠርም። ያ ሰው የአከራያችሁን ወይም የአንድ ጎረቤት ስልክ ይያዝ፤ አንድ ቀን ሙሉ ካልመለሳችሁ በር የሚያንኳኳ ሰው እንዲልክ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ባንዴ እጀምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ሁሉንም ይተዋል። በነግህ (በጠዋቱ) እና በንዋም (በመኝታው) ጸሎት ጀምሩ። ጠዋት ስልክ ሳትነኩ ተነሡ፣ ነጠላችሁን ልበሱ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቁሙ (አቅጣጫው ከጠፋችሁ የስልኩ ኮምፓስ ያሳያችኋል)፤ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድምፅ አውጥታችሁ አድርሱ። በልብ ብቻ ሲነበብ ሐሳብ ቶሎ ይሸሻል። ዳዊት በዕለት ሲከፈል የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 ነው፤ ይህ ለከበደው በቀን 5 መዝሙር ቢደግም በ30 ቀን 150ውን ይጨርሳል። መዝሙር ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ማዋል ቤቱን ያሞቃል እንጂ ጸሎትን አይተካም። የቅዳሴ ሥርጭትንም አልጋ ላይ ተጋድሞ ማየት ልማድ እንዳይሆንባችሁ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ ቆማችሁ ተከታተሉ።

በዓላቱ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አትርሱ። ኅዳር ሚካኤል በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ከአምስት እስከ ሰባት ሆናችሁ የስልክ ጽዋ ማኅበር ብትጠጡ መልካም ነው፦ ተረኛው ይጸልያል፣ ሌላው በየቤቱ ዳቦ ይቆርሳል፣ የዝክሩ ገንዘብ አገር ቤት ላለ ችግረኛ ይላካል። ኢትዮጵያ ሰዓት ስለማትቀይር የዋሽንግተን ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ ብዙ የስልክ ማኅበር የሚበተነው ይህ ሳይነገር ቀርቶ ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት ሲዘገይ ነው።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ሩቅ የምትነዱ፣ 18 ሰዓት ጾሞ ሌሊቱን መኪና መንዳት አደጋ አለው። ዋዜማውን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እደሩ። ለዚህ ማደሪያ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ በካናዳና በሰሜን አውሮፓ የክረምቱ ፀሐይ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ አቅም የላትም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። በጾም ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ጉድለቱ ይብሳል። ድካሙንና የአጥንት ሕመሙን «እምነቴ ላላ» ብሎ የሚያዝንበት ሰው አለ፤ አስቀድማችሁ ደማችሁን አስመርምሩ። በአሜሪካና በካናዳ እስከ 70 ዓመት ላለ አዋቂ የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት፣ ማለትም 15 ማይክሮግራም ነው። ለስላሳዎቹ እንክብሎች አብዛኛውን ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ በተሠራ ጄላቲን ስለሚሸፈኑ፣ ጠብታውን ወይም ከእንስሳት ነፃ የሚለውን ፈልጉ። ቢ12ንም አብራችሁ አስለኩ፤ ሽሮና ምስር አይሰጡትም። ሽሮውን ከቲማቲም ወይም ከጎመን ጋር ብሉ፣ ቡናውን አንድ ሰዓት አዘግዩት፤ ብረቱ ለሰውነት እንዲደርስ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ግን እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ አትዋሉ። ስኳር ወርዶ ራሱን የሳተ ብቻውን ነዋሪ የሚያነሳው የለም። ጾሙ ሳይገባ ለሐኪሙም ለነፍስ አባታችሁም ንገሩ። ጠበልም ቢሆን ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ ክኒን አቋርጡ የሚላችሁን አትስሙ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት እየተቋረጠ ወላጅ ድምፅ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሌሊቱን ፌስቡክ ላይ ማደር ወሬውን አያጠራም። በመደበኛ ስልክ ሞክሩ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ዘመድ መልእክት ተቀባይ አድርጉ፣ ዜናውን በቀን አንዴ፣ ከመኝታ በፊት ሳይሆን ቀን ላይ ስሙ።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎ፣ ልብም ጨልሞ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፦ በአሜሪካና በካናዳ 988፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ 116 123፣ በሌላው አውሮፓ 112 ደውሉ፤ ከዚያ ሰሚያችሁን ቀስቅሱ፣ ሌሊትም ቢሆን።