የኮሶ ዘር በድሮን ሲገመት
«በድሮን ፎቶ ብቻ ዘንድሮ ከኮሶ ደናችን ስንት ኪሎ ዘር እንደምንለቅም ማወቅ እንችላለን?» ብላችኋል። ፎቶው ዘለላ ያስቆጥራችኋል፤ ኪሎው የሚገኘው መሬት ላይ ከምትመዝኑት ናሙና ነው።

ኮሶ ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፤ የሴቴዋ ዘለላ ቀላና ወፈር ይላል፣ የወንዴው ወደ ነጣ ያለ ብርቱካናማ ያደላል። ልዩነቱ ግን የሚጎላው አበባው ደምቆ ሳለ ነው። ዘሩ ሲበስል ሴቴዋም ቡናማ ሆና ከደረቀ የወንዴ ዘለላ ጋር ትምታታለች። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አብርሩ፦ በቅላቷ ወቅት ሴቴዎቹን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ለቀማ ሊደርስ ሲል እነዚያኑ ዛፎች ቁጠሩ። በመሐል ለመድኃኒት የሚቆርጥ ስለሚኖር የፊተኛው ቁጥር ለለቀማ ዕቅድ አይሆንም።

ከዛፎቹ አናት 30 ሜትር ያህል ከፍ በሉ፤ አንዱ ፒክስል (የፎቶው ትንሿ ነጥብ) ዛፉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ይሁን፣ የፎቶዎቹ መደራረብ ወደፊት 85፣ ወደ ጎን 80 በመቶ። ስስ ደመናና ጸጥ ያለ አየር ምረጡ። ነፋስ ካለ ቅርንጫፉ በየፎቶው ቦታ ስለሚቀይር ኦርቶሞዛይኩ (ፎቶዎቹ ተገጣጥመው የሚሠሩት አንድ ካርታ መሰል ምስል) ላይ አንዱ ዘለላ ሁለት ይሆናል ወይም ይጠፋል። ኦርቶሞዛይኩ ዛፉን ለማግኘት ይጥቀማችሁ፣ ቆጠራውን ከነጠላው ፎቶ ላይ አድርጉ።

ግምቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ያልታየው ዘለላ ነው። የኮሶ ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉም ይጋርደዋል። ትንሹንም ትልቁንም ያካተቱ ከ15 እስከ 20 ሴቴ ዛፎች መርጣችሁ፣ ዙሪያቸውን እየዞራችሁ በባይኖኩላር ቁጠሩ። ለምሳሌ ከላይ 40 የታየው ከታች 62 ከሆነ ማባዣው 1.55 ነው። ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ያለው ዛፍና ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመው አንድ ማባዣ አይጋሩም፤ ለየብቻ አውጡላቸው፣ በየዓመቱም አድሱት።

ከዚያ ከ10 ዛፎች፣ ከእያንዳንዱ ላይ ከአናቱ፣ ከመሐሉና ከታችኛው ቅርንጫፍ አንድ አንድ ዘለላ ቁረጡ። ሸራ ላይ አድርቃችሁ፣ አሽታችሁና አበጥራችሁ መዝኑ፤ የአንዱ ዘለላ አማካይ የዘር ክብደት በማባዣው በተስተካከለው የዘለላ ቁጥር ሲባዛ ኪሎው ይገኛል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ከ400,000 በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከየዛፉ 100 ፍሬ በምላጭ ሰንጥቃችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ፦ ነጭና ሙሉ የሆነው ደህና ነው፣ ባዶ ቅርፊቱን ከሒሳቡ ቀንሱ። ወንዴ ዛፍ የራቃት ሴቴ ዘለላዋ ሞልቶ ዘሯ ባዶ ሊሆን ስለሚችል የወንዴዎቹንም ቦታ መመዝገብ ይጠቅማል።

ይህን ዘዴ ለጽድ አትሞክሩት። ፍሬው ከ1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ ከዚህ ከፍታ አይቆጠርም፤ ከመሬት በባይኖኩላር አይታችሁ እንደ ፍሬው ብዛት ከ0 እስከ 4 ደረጃ ስጡት።