ሒሳብና ስልክ፦ ጥያቄና መልስ

ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ ልጆች አስጠናለሁ። ሰሞኑን "ስልክና ኢንተርኔት ለሒሳብ ትምህርት እንዴት ይጠቅማሉ በሚለው ላይ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። በአጭሩ ያለፍኩትም አለ፤ አትቀየሙኝ።

ሰላም ቲቸር። 9ኛ ክፍል ነኝ። ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶብኛል። ካን አካዳሚ ላይ የ9ኛ ክፍልን ከየት ልጀምር?

(ለማታውቁት፣ ካን አካዳሚ ነፃ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ያለበት ድረ ገጽ ነው።) ከ9ኛ አትጀምር። "ጠፍቶብኛል" የሚለኝ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የጠፋበት አሁን ያለበት ክፍል ላይ አይደለም። ወደ ኋላ ነው።

አሁኑኑ ወረቀት አውጣና እነዚህን ሦስቱን ሥራ። አንደኛ፦ 1/2 + 1/3። ሁለተኛ፦ −3 − (−7)። ሦስተኛ፦ 3(ኤክስ − 2) = 12። ስልክህን አትንካ።

የመጀመሪያው 5/6 ነው። 2/5 ካልክ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረሃል ማለት ነው፤ ካን አካዳሚ ላይ 5ኛ ክፍል ገብተህ ክፍልፋይ መደመርን ሥራ። ሁለተኛው 4 ነው። −10 ከመጣብህ ችግሩ ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ነው፤ እሱ 7ኛ ክፍል ውስጥ አለ። የሦስተኛው መልስ 6 ነው። እሱ ብቻ ካስቸገረህ ጥሩ ደረጃ ላይ ነህ፤ እዚያው 7ኛ ክፍል ውስጥ ኢኩዌሽን የሚለውን ፈልግ።

"5ኛ ክፍል ልመለስ እንዴ?" እንዳትል። ማንም አያይህም፤ የስልክ አንዱ ጥሩ ነገር ይኼ ነው። ደግሞ ካን አካዳሚ ራሱ የተወለደው እንዲህ ካለ ክፍተት ነው። ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. ዘመዱ የሆነችን ተማሪ በርቀት ማስጠናት ሲጀምር፣ የልጅቷ ችግር ሒሳብ በሙሉ አልነበረም። መለኪያዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ነበር። ሌላው ሁሉ የተበላሸባት በእሱ የተነሳ ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምርልህ። ምዕራፉን ከቪዲዮው አትጀምር። መጨረሻ ላይ ያለውን ዩኒት ቴስት መጀመሪያ ሥራ። የሳትከውን ብቻ ተመልሰህ ተማር። ጊዜም ዳታም ትቆጥባለህ።

የእኛ መጽሐፍ ቅደም ተከተልና የካን አካዳሚ አይገጥምም። ምን ይሻላል?

አይገጥምም፤ እውነት ነው። የእኛ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ ከስብስብ ጀምሮ መጨረሻው አካባቢ ቬክተር ያስገባል። ካን አካዳሚ የሚከተለው የአሜሪካኖቹን ነው፤ እነሱ ቬክተርን የሚያመጡት ከካልኩለስ በፊት በሚሰጠው ፕሪካልኩለስ ላይ ነው። ስለዚህ በክፍል ሳይሆን በርዕስ ፈልጉ። የመጽሐፉን ንዑስ ርዕስ እንዳለ መፈለጊያው ላይ ጻፉት። መጽሐፉ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ልጄ ቀኑን ሙሉ የሒሳብ ቪዲዮ ያያል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ምን ላድርግ መምህር?

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቪዲዮውን ሲያይ እስክሪብቶ ይዟል?

ጎበዝ አስተማሪ ሲሠራ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ልጁም "ገብቶኛል" ይላል፤ አይዋሽም፣ ለጊዜው ገብቶታል። በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ቢሰጡት ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። እንግዲህ ቤት ውስጥ አንድ ሕግ ያውጡ። አስተማሪው ጥያቄውን ጽፎ እንደጨረሰ ቪዲዮው ይቁም። ልጁ መጀመሪያ ራሱ ይሞክር። ቢሳሳትም ይሞክር። ከዚያ ይክፈትና ያወዳድር። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይፍጅበት።

እርስዎ ሒሳቡን ማወቅ የለብዎትም። ማታ ደብተሩን ይዩ። የተጻፈ ነገር ከሌለ ያን ቀን ቪዲዮ ታየ እንጂ ሒሳብ አልተጠናም።

ዳታ ውድ ነው። ቪዲዮ እንዴት ይቻላል?

የቪዲዮውን ጥራት 360 ላይ አድርጉት። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ለማንበብ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ግን ኤክስፖነንቱ አይነበብም። የካን አካዳሚ መተግበሪያ ቪዲዮ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማየት ያስችላል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ የሳምንቱን አውርዱ። ግራፍና ቅርጽ የሚስለው ጂኦጀብራም አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ዳታ ይሠራል። ደግሞም መልመጃ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። ቀድሞውንም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ፎቶማዝ መጠቀም ኩረጃ ነው?

እንዳጠቃቀምህ። ጥያቄውን በካሜራ አንስቶ መልሱን ደብተር ላይ መገልበጥ ኩረጃ ነው፤ የምትሸውደው ደግሞ ራስህን ነው። ግን መጀመሪያ ራስህ ሠርተህ፣ ከዚያ የእሱን እርምጃ ከአንተ ጋር መስመር በመስመር ብታስተያየው ምርጥ አስጠኚ ነው።

ለምሳሌ 2ኤክስ² − 5ኤክስ − 3 = 0ን ሠራህ እንበል። አንተ 3 እና 1/2 አገኘህ። ትክክለኛው 3 እና −1/2 ነው። መልሱን አርመህ አትለፍ። የት ጋ ተለያያችሁ? ምናልባት (2ኤክስ + 1)(ኤክስ − 3) ድረስ አብራችሁ ነበራችሁ፤ 2ኤክስ + 1 = 0 ላይ ምልክቱን ረሳህ። እንግዲያው ፋክተር ማድረግ ትችላለህ፤ የቀረህ ሌላ ነገር ነው። መልሱን ብቻ ያየ ልጅ ይህን አያውቅም፤ "ኳድራቲክ አልችልም" ብሎ ይተወዋል።

ዎልፍራም አልፋን የጠየቃችሁም አላችሁ። መልሱን በነፃ ይሰጣል፤ ደረጃ በደረጃ ማብራሪያው ግን ክፍያ አለው። መልስ ለማመሳከር ነፃው ይበቃል።

ቻትጂፒቲ ሒሳብ ይችላል? ልመነው?

ይችላል፤ አትመኑት። ማብራራት ላይ አሪፍ ነው፤ "አልገባኝም፣ በሌላ መንገድ ንገረኝ" ብትሉት አይሰለችም፤ እኛ አስተማሪዎች እንሰለቻለን። ግን ሲሳሳትም ልክ እንደማይሳሳት ሰው ነው የሚናገረው። የሒሳብ ደጉ ነገር ደግሞ ማረጋገጫው እጃችሁ ላይ ነው። ኤክስ 4 ነው ካላችሁ፣ 4ን መልሳችሁ ኢኩዌሽኑ ውስጥ ክተቱት። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ መልሱ ስህተት ነው፤ በቃ።

ስትጠይቁት ደግሞ "መልሱን አትንገረኝ፤ የሠራሁትን ልጻፍልህና የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ አሳየኝ" በሉት። ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ገጠር ነው የማስተምረው። ኢንተርኔት የለም፣ ተማሪዎቼም ስልክ የላቸውም። ይኼ ሁሉ ለከተማ ልጅ ነው፤ ለእኛ ምን አለ?

መምህር፣ ቅሬታዎ ልክ ነው። ስለ ዲጂታል ትምህርት የሚወራው አብዛኛው ነገር ኔትወርክ እንዳለ ቆጥሮ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ኮሊብሪ ይባላል። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማ ሲሄዱ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሶፍትዌሩንና ትምህርቶቹን ላፕቶፕ ላይ ያወርዳሉ፤ ወይም ያለው ሰው በፍላሽ ይሰጥዎታል። ትምህርት ቤት ሲመለሱ ላፕቶፑ ራሱ እንደ ሰርቨር ያገለግላል። ታብሌት ወይም አሮጌ ስልክ ካለ በዋይፋይ ራውተር ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። የካን አካዳሚ ቪዲዮና መልመጃ አለው፤ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉት በስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችም (ሲሙሌሽኖች) አሉበት። ፈተና ማዘጋጀትና የትኛው ተማሪ ምን እንደሳተ ማየትም ይቻላል። ሁሉንም አያውርዱ፤ የእንግሊዝኛው ካን አካዳሚ ብቻውን ዲስክ ይሞላል። የሚፈልጉትን ርዕስ መርጠው ይውሰዱ።

ለተማሪ የሚሆን ምንም መሣሪያ ከሌለስ? ያኔ ለራስዎ ያውርዱት። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እኔ ራሴ ሎጋሪዝም የማስተምርበትን መንገድ የቀየርኩት ሌሎች አስተማሪዎች እንዴት እንደሚጀምሩት አይቼ ነው። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት አሁን "2ን ስንት ጊዜ ብናባዛው 32 ይመጣል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው፤ ለውጡ ግን ተማሪዎቹ ጋ ደርሷል።

ቲቸር፣ ዘንድሮ 12ኛ ተፈታኝ ነኝ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ "ዴስሞስ ተጠቀም" ይለኛል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የድሮ ፈተና ከነመልሱ ሞልቷል። በየቱ ላጥና?

የአጎትሽ ልጅ ልክ ነው፤ ለራሱ። እዚያ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በኮምፒውተር ሆኖ ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ውስጡ ተገጥሞለታል፤ እሱን መልመድ ለልጁ የፈተና ዝግጅት ነው። አንቺ ፈተና ላይ ዴስሞስ የለሽም። መጀመሪያ ግራፉን በእጅሽ ሳዪ፣ ከዚያ ለማመሳከር ክፈቺው። በተቃራኒው ካደረግሽ ሐምሌ ላይ ይቆጭሻል።

ቴሌግራም ላይ ያሉትን ፈተናዎች ውሰጂ፤ መልሶቻቸውን ግን ተጠራጠሪ። ማን እንደሠራቸው አይታወቅም፤ የተሳሳተ መልስ ስንት ጊዜ ተማሪ ይዞልኝ መጥቷል። መልስሽ ከተለየ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ብለሽ አትጀምሪ። ሥሪው።

አጠናኑ እንዲህ ይሁን። አንድ ሙሉ ፈተና ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። የሳትሻቸውን ለሦስት ክፈያቸው፦ የማላውቀው፣ እያወቅሁ ያጠፋሁት፣ ሰዓት ያለቀብኝ። ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በጥንቃቄ፣ ሦስተኛው በልምምድ ነው የሚስተካከለው። ዋናው ማጥኛሽ ግን የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ በፒዲኤፍ ይገኛል።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያ ቁጥር እስካሁን ተማሪ ያስደነግጣል። ግን እዚያ 3.3 ከመቶ ውስጥ የገባም ሰው አለ።

ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። 4ኛ ክፍል ያለው ልጄ ማባዛትን በሳጥን ይሠራል። እኔ ያሳየሁትን "ልክ አይደለም" አለኝ። ምን ልበለው?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ወንድሜ። 23 ሲባዛ በ14 እንውሰድ። ልጅዎ 23ን 20 እና 3፣ 14ን 10 እና 4 ያደርጋል። አራት ሳጥን፦ 200፣ 80፣ 30፣ 12። ድምሩ 322። እኛ የተማርነው ደግሞ በ4 አባዝቶ 92፣ በ10 አባዝቶ 230 ይጽፍና ይደምራል። 92 ማለት የእሱ 80 እና 12 ነው። 230 ደግሞ 200 እና 30። አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሠርታችሁ የእርስዎ ቁጥር ከየትኞቹ ሳጥኖች እንደመጣ እሱ ያሳይዎ። ካን አካዳሚ 4ኛ ክፍል ላይ ይኸው አለ፤ ልጁ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ይዩት። ማብራሪያውን በአማርኛ ያድርጉለት፤ ቁጥሩ ምንም አይሆንም።

የማባዛት ሠንጠረዥ የሚያስሸመድድ ጥሩ ጌም አለ?

ሞልቷል፤ ማንኛውም ይሆናል። ግን መጀመሪያ ሥራውን ቀንሱለት። እስከ 10 ያለው ሠንጠረዥ 100 ሳጥን ነው፤ ልጁ ሲያየው ይደነግጣል። 1፣ 2፣ 5 እና 10 ቀላል ናቸው፤ አውጧቸው። 3×7 እና 7×3 አንድ ናቸው። የሚቀረው 21 ብቻ ነው። እነሱን በትንንሽ ካርድ ጽፋችሁ፣ በቀን ሦስት ሦስት። ጌሙ ከዚያ በኋላ ለማፍጠን ይሁን።

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል?

ጂኦጀብራ። አስቤም አላመነታም። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር በ2001 እ.ኤ.አ. ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናቱ የጀመረው ሥራ ነው፤ ለተማሪና ለአስተማሪ ነፃ ነው። ቪዲዮ ሌላ ሰው ያሰበውን ያሳያችኋል። ጂኦጀብራ ግን እናንተ የነካችሁትን ነው የሚመልስላችሁ።

ይህን ሞክሩ። ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + 1 ብላችሁ ጻፉ። ቢ ስላይደር ይሆናል፤ በጣታችሁ ግራና ቀኝ ጎትቱት። ፓራቦላው ቅርጹን አይቀይርም፤ ቦታውን ይቀይራል። ግን ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችም ይወርዳል። ለምን? ቨርቴክሱን (የፓራቦላውን ጫፍ) ነጥብ አድርጉና ዱካውን እንዲተው ትሬስ ክፈቱለት። ዱካው ራሱ ሌላ ፓራቦላ ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ታች የተደፋ፣ ዋይ = 1 − ኤክስ²። ክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ ከኋላ የሚቀመጡት እንኳ ቀና ይላሉ። ከዚያ "በወረቀት አረጋግጡልኝ" እላለሁ። ቨርቴክሱ ኤክስ = −ቢ/2 ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ የቀረው መተካት ነው።

ዱባይ ነው የምሠራው። ለታናሽ ወንድሜ ታብሌት ልግዛለት ወይስ አስጠኚ ልቅጠርለት?

ቤት ውስጥ የሚሠራ ስልክ ካለ ታብሌቱ ይቆይ። ብሩን ለዳታና ለደብተር አድርጊው። አስጠኚ ከቀጠርሽ በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ሥራውም ልጁ በሳምንቱ ብቻውን ሠርቶ ያቃተውን ማየት ይሁን። አንቺም ከዚያ ሆነሽ የሠራውን ገጽ በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ አድርጊ። ሒሳቡን ባታውቂውም ችግር የለውም፤ እህቱ እንደምታየው ካወቀ ይሠራል።

በአማርኛ ጥሩ የሒሳብ ቻናል ጠቁመን።

ስም መጥራት ትቻለሁ፤ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብተው ጓደኞቼ ያኮርፉኛል። እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ። አንድ የምታውቁትን ርዕስ ክፈቱ። አስተማሪው ፎርሙላውን ጽፎ ቁጥር መክተት ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ዝለሉት። ፎርሙላው ከየት እንደመጣ ካሳየ፣ ተማሪ የት ጋ እንደሚሳሳት ከተናገረ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳይሠራ የተወላችሁ ጥያቄ ካለ፣ ያዙት። "ሰብስክራይብ" ለማለት አምስት ደቂቃ የሚፈጅበት ከሆነ ግን ዳታችሁን አትጨርሱ።