አሜኑ ከምርቃቱ ሲቀድም፦ የአንባቢያን የቪዲዮ ቅንብር ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ በመቅረጽና በማቀናበር እተዳደራለሁ። በጥር ወር በሐይቁ ዳርቻ በተደገሰ ሠርግ ላይ ምስሉን በሁለት ካሜራዎችና በአንድ ስልክ ቀርጬ፣ ድምፁን ደግሞ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) በመቅረጫ ለብቻው ወሰድኩ። ለማቀናበር ስቀመጥ የካሜራዎቹ ምስል በታይምላይኑ (በቅንብር ፕሮግራሙ ውስጥ ምስሉና ድምፁ በቅደም ተከተል በሚደረደሩበት መስመር) ላይ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። የስልኩ ምስል በበኩሉ መጀመሪያ ላይ ከድምፁ ጋር የገጠመ ቢሆንም፣ ከ50 ደቂቃ በኋላ ሽማግሌው መርቀው ሳይጨርሱ የታዳሚው «አሜን» ይሰማል። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ለመግዛት አይቸኩሉ። የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መቆራረጡ ብዙውን ጊዜ በሥራ ላይ ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ የድምፁ መለያየት ግን ካልታረመ ለሙሽሮቹ እስከሚያስረክቡት ቪዲዮ ድረስ ይዘልቃል። መቆራረጡን ለማጣራት ከታይምላይኑ 30 ሰከንድ ያህል ኤክስፖርት አድርገው (እንዳለቀ ቪዲዮ አውጥተው) ይመልከቱ። የወጣው ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ከተጫወተ ፋይልዎ ደኅና ነው፤ የተቸገረው ኮምፒውተሩ ነው።

የሚቸገርበትም ምክንያት አለው። ካሜራዎች በብዛት በሚጠቀሙባቸው በኤች 264 እና በኤች 265 የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴዎች፣ አብዛኞቹ ፍሬሞች (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ሙሉ ምስል አይዙም፤ ከአጎራባቾቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይመዘግባሉ። «በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈው ደብዳቤ መሠረት» ብሎ የሚጀምር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀዳሚው ከመዝገብ ቤት ካልወጣ እንደማይገባ ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹን አስቀድሞ መፍታት ይኖርበታል። መፍትሔው ፕሮክሲ ነው፤ ይኸውም ለቅንብር ብቻ የሚያገለግል፣ መጠኑ ያነሰና ለመፍታት የቀለለ ቅጂ ማለት ነው። ከቅንብር ፕሮግራሞች ፕሪሚየር ፕሮም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮክሲ ያዘጋጃሉ። ሌሊት አዝዘውት ቢተኙ ጠዋት ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ ኤክስፖርት ሲያደርጉ ግን ዋናው ፋይል መመረጡን ያረጋግጡ።

ፋይሎቹን ያስቀመጡበትንም ዲስክ ይመርምሩ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ንባብ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ሲጫወቱ 25 ይሆናል። በዩኤስቢ 2.0 የተሰካ ዲስክ በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ የስልኩ ምስል ሲጨመርበት ብዙም ትርፍ አይኖረውም። ደግሞም መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉና፣ በዚያ ሰዓት ያዩትን መቆራረጥ እንደ ብልሽት አይቁጠሩት።

ወደ አሜኑ እንመለስ። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ልዩነቱ ከመነሻ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እያደገ ይሄዳል የሚለው ነው። እኩል ከሆነ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይበቃል። ለምሳሌ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከድምፅ ማጉያው 34 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ በራሱ ማይክሮፎን የሚቀዳው ድምፅ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህም በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረጽ ቪዲዮ ሁለት ፍሬም ተኩል ነው። በሐይቅ ዳር ድግስ ይህ ርቀት ብዙ አይደለም።

የእርስዎ ግን እያደገ የሚሄድ ነው፤ በቅድሚያ የምጠረጥረውም ስልኩን ነው። ስልኮች ብርሃን ሲያንሳቸው ወይም ሲግሉ በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም ብዛት ይለዋውጣሉ፤ የቅንብር ፕሮግራሙ ብዛቱ ቋሚ እንደሆነ አድርጎ ከቆጠረው ምስሉ ቀስ በቀስ ከድምፁ ይለያል። በነፃ በሚገኘው ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም የስልኩን ፋይል ይክፈቱ፤ በቪዲዮ ገጹ ላይ 30 ፍሬምንና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (ቋሚ የፍሬም ብዛት) የሚለውን መርጠው አዲስ ቅጂ ያውጡ። ዋናውን ፋይል ግን አያጥፉ። ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ፋይሉን ቢተኩት የቆረጡባቸው ቦታዎች ሊዛነፉ ስለሚችሉ፣ ይህ ሥራ ከመቁረጥ በፊት ቢሠራ ይመረጣል።

ከዚህም በኋላ ልዩነቱ ካልጠፋ መጠኑ ራሱ ምንጩን ይጠቁምዎታል። በ50 ደቂቃ 3 ሰከንድ ያህል ከሆነ፣ 29.97 ፍሬም የሆነው እንደ 30 ተቆጥሯል ማለት ነው። የሰዎቹ ድምፅ ከቀጠነና የ60 ደቂቃው ቅጂ በ55 ደቂቃ ካለቀ፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ) የተቀዳ ድምፅ በ48 እየተነበበ ነው። ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነ ልዩነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመቅረጫውና የካሜራው የውስጥ ሰዓቶች ፍጹም እኩል ባለመሄዳቸው የሚመጣ ነው። ለዚህ ድምፁን በጥቂቱ መለጠጥ ይቻላል፤ እኔ ግን ለሠርግ የምመርጠው በንግግርና በዘፈን መካከል ባለው ጸጥታ ላይ ድምፁን ቆርጦ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማስተካከል ነው፤ ዘፈኑ አይነካምና።

ለሚቀጥለው ሠርግ፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከመጥፋታቸው በፊትም አንድ ጊዜ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመው በእጅዎ ያጨብጭቡ፤ ካሜራዎቹና ስልኩም ይዩዎት። በታዳሚው ጭብጨባና እልልታ አይተማመኑ፤ መቶ ሰው በአንድ ፍሬም ላይ አያጨበጭብም።

ጥያቄ፦ እኔም የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ የተማሪዎች የምረቃ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ድምፁ ሁልጊዜ በትንሹ ይዘገይብኛል፤ አስተካክዬ ስልክላቸው ደግሞ ደንበኞቼ ድምፁ ቀደመ ይላሉ።

መልስ፦ በብሉቱዝ ማዳመጫ እየሠሩ ይመስለኛል። ብሉቱዝ ድምፅን በተለምዶ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ያልተበላሸውን ያበላሹት ሲያስተካክሉት ነው። ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰክተው፣ የገፉትን ድምፅ ወደነበረበት ይመልሱ።