መኪና የሚያጋጭ መሐንዲስ መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት መካኒካል ነኝ። ቤተሰቦቼ ሐረር ስለሆኑ የደንገጎን ተራራ መንገድ እመላለሳለሁ። አንዱ ኩርባ ላይ የተጣመመ ጋርድሬል (የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት) አይቼ ‹ይሄን ማን ነው የሚሞክረው?› ብዬ ጠየቅኩ። መኪና እያጋጩ የሚፈትኑ መሐንዲሶች አሉ አሉኝ። ወደ ሲቪል ልቀይር?»

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አንወድም፣ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። አትቀይሪ። የመንገዱ ቅያስ የሲቪል ነው፣ ግጭቱ ግን ያንቺ ነው።

ብረቱ መጣመሙ ብልሽት እንዳይመስልሽ። ሥራው መጣመም ነው። መኪናውን ደርቆ ቢያቆመው ውስጥ ያለው ሰው ይጎዳል፣ ቢለቀው ደግሞ ገደል አለ። ስለዚህ እየታጠፈ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል።

አሜሪካኖች «ማሽ» በሚሉት የመንገድ ዳር መከላከያ መፈተኛ መመሪያ (2009 ወጥቶ በ2016 ታድሷል) ዋናው ፈተና እንዲህ ነው፦ 2270 ኪሎ ፒክአፕ፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር፣ በ25 ዲግሪ። ካልኩሌተር አውጪ። 100ን በሳይን 25 ስታባዢው በሰዓት 42 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብረቱ በዋናነት የሚታገለው ከዚህ የጎን ፍጥነት ጋር ነው። በቀረው መኪናው ብረቱን እየታከከ ይሄዳል። የጎኑን ጉልበት ብታሰዪው 156 ኪሎጁል ይመጣል። ካልመጣልሽ ፍጥነቱን ወደ ሜትር በሰከንድ አልቀየርሽም ማለት ነው፣ እኔም እዚያው ጋ ነበር የምወድቀው።

1100 ኪሎ ትንሽ መኪናም ያጋጫሉ። ፒክአፑ በላይ እንዳይዘል፣ ትንሿ ከሥር እንዳትገባ። ቁመት ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 70 ሴንቲ ገደማ የነበረው ጋርድሬል አሁን ወደ 79 ከፍ ብሏል። አስፋልት ላይ አስፋልት ሲደረብ ደግሞ ብረቱ ሳይነካ ያጥራል።

ዳይናሚክስንና ፋይናይት ኤለመንትን (አንድን አካል በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የማስላት ዘዴ) አጥብቀሽ ያዢ። አንድ እውነተኛ ግጭት ውድ ስለሆነ ብዙው ሙከራ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኤልኤስ-ዳይና በሚባል ሶፍትዌር። ለማስተርስ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲንና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን እዪ፣ ሁለቱም የማጋጫ ሜዳ አላቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩ ጠባብ ነው። ግን ይሄው ችሎታ የመኪና ቦዲና የብረት ሥራ ላይም እንጀራ ይሆናል።

ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ የደንገጎን ጋርድሬል ቁመት ለኪ። ከመንገዶች አስተዳደር ፈቃድ ያዢ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሺ። ብቻሽን ደግሞ ኩርባ ላይ እንዳትወርጂ፣ አደራ።